ታሪኬን ይዛ ኮሌጅ የገባች

ጓደኛዬን ዳግም ያገኘኋት ኮሌጅ ፓርክ በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ገና መግባታቸው ነበር፤ እኔም ከሱዳን ከመጣሁ ብዙ አልቆየሁም። ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃችን አንሶላ እንዴት እንደሚታጠፍ ልታሳየኝ ይዛኝ ስትገባ፣ ከትልቁ ማድረቂያ ፊት ያጎነበሰች ሴት ቀና አለች። እሷ ናት። ወሎ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት አስተምረን፣ አንድ ግቢ ተከራይተን ኖረናል። ከዚያ እሷ በጅቡቲ፣ እኔ በሱዳን ወጣን፤ አንዳችን የሌላችንን በሕይወት መኖር ሳንሰማ ስንት ጊዜ አለፈ። እርጥብ ፎጣ ክምር ላይ ተቃቅፈን ስንላቀስ አለቃችን ግራ ገብቷት ቆማ ታየን ነበር።

በዚያው ሳምንት ጓዜን ጠቅልዬ እሷ ቤት ገባሁ። ጓዜ ስል አንድ ሻንጣ ነው። አልጋዋን አካፈለችኝ፤ የክረምት ካፖርቷን ሰጥታኝ እሷ በሹራብ ከረመች። እንግሊዝኛዋ ከእኔ በብዙ ይሻል ስለነበር ክሊኒክም ሆነ መሥሪያ ቤት ይዛኝ የምትዞረው እሷ ነበረች። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ በኋላ ያደረገችው ይህን እንዳያስረሳኝ ነው። ደግ ነበረች። ደግነቷ የውሸት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

ስለ ኮሌጁ የሰማችውም እሷ ናት። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሉት። በአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ጠፍቶ ስለነበር፣ ሙሉ ቀን ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ የማይችሉ ሠራተኞችን ከሰዓት በኋላ እያስተማረ መጀመሪያ ረዳት አስተማሪ ያደርጋቸዋል። ከዚያ ክሬዲታቸውን ይዘው ዩኒቨርሲቲ ይጨርሱና የማስተማር ፈቃድ፣ ላይሰንስ የሚሉትን፣ ያገኛሉ። በአገሩ ያስተማረ ሰው ደግሞ ወረቀት ባይኖረውም፣ ሦስት መምህራን ፊት ቀርቦ ምን እንዳስተማረና እንዴት እንዳስተማረ ካስረዳቸው የመጀመሪያውን ዓመት ይዘሉለታል። እኛ ወረቀት ከየት እናምጣ? ይህን ስትነግረኝ ሁለቴ አስደገምኳት።

«አንቺ ቋንቋውን እስክትይዢ እኔ ልቅደም» አለችኝ በአውቶቡስ ስንመለስ። «በሩን ካወቅሁት አንቺን ማስገባት ቀላል ነው።»

«ሂጂ እንጂ! እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ከልቤ ነበር። ክላስ በሚኖራት ቀን ሥራዋን ደርቤ ልሠራላት ቃል ገባሁ፤ አደረግሁትም።

የቃለ መጠይቁ ቀን ሲቃረብ፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የአፓርትማው ደረጃ ላይ እንቀመጥ ነበር። «ያንን የገበያውን ነገር እስቲ ንገሪኝ» ትለኛለች። «በእንግሊዝኛ ንገሪኝ። እኔ አርምሻለሁ፤ ተራሽ ሲደርስ ይጠቅምሻል።»

የገበያው ነገር ይህ ነው። ወታደሮች ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሰፈሩ። አስተማሪው ተበተነ፤ ጓደኛዬም ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተዛወረች። እኔ አንደኛ ክፍሎቼን ይዤ ገበያ ገባሁ። ገበያው የሚቆመው ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ በሌላው ቀን ዳሶቹ ባዶ ናቸው። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ወቅጠን የአንድ ሱቅ የቆርቆሮ በር አጠቆርንና ሰሌዳ አደረግነው። ልጆቹ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው የባለ ልኳንዳው ልጅ ነበረች። ጆሮዋ አይሰማም፤ ሰው ሁሉ «ድዳዋ» ነው የሚላት። አባቷ ያመጣት እንድትማር ሳይሆን ከመንገድ መኪና እንድትተርፍለት ነው። አንድ ቀን ፊደል ሳስቆጥር ተነሥታ መጣችና እጇን ጉሮሮዬ ላይ አደረገች። ለምን እንዳደረገችው እስከ ዛሬ አላውቅም። የድምፄ ንዝረት መዳፏ ውስጥ ሲገባ ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ እጇን ጉሮሮዬ ላይ፣ ሌላውን የራሷ ጉሮሮ ላይ እያስደረግሁ አስተማርኳት። «በ» እስክትል ድረስ ክረምት ገባ። ሰዎች ለአባቷ ነገሩት መሰለኝ፣ ሽርጡን እንዳሸረጠ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ሮጦ መጣና ዳሱ አፍ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ እስቲ ያስደግሟት» አለኝ። ምልክት ሰጠኋት፤ ደገመችው። ሰውየው አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተመልሶ ሄደ። በማግስቱ ሣር ተሸክሞ መጥቶ የዳሳችንን ጣሪያ ከደነልን።

ጓደኛዬ ይህን ስነግራት ደጋግማ ታቋርጠኝ ነበር። «ልጅቷ ምን ለብሳ ነበር?» «አባቷ የቆመው በየት በኩል ነው?» «መዳፏ ቀዝቃዛ ነበር ወይስ ሙቅ?» ለእንግሊዝኛዬ ስትል መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ስለዚያ ዘመን ያን ያህል የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የልጅቷን ስም ብቻ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ቃለ መጠይቁን አለፈች። የመጀመሪያው ዓመት ተዘለለላት። የገዛ እህቴ የተዳረች ያህል ነው የተደሰትኩት።

«ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«ስለ ትምህርት ቤታችን ነዋ» አለችኝ፤ ጫማዋን እያወለቀች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በፍጥነት ሄደላት። ሆቴሉን ለቅቃ አቮንዴል እስቴትስ በሚባል ሰፈር አጠገብ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት ሆነች። ማታ ማታ ልጆች የሳሉላትን ሥዕል ይዛ ትመጣለች፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ የምለጥፈው እኔ ነበርኩ። የእኔን ተራ ሳነሳባት ግን መልሷ አንድ ዓይነት ነው፤ እንግሊዝኛሽ ገና ነው፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ይሻላል፣ አሁን ቦታ የለም። አመንኳት። መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት ብዬ።

በዚህ መሃል ፕሮግራሙ ስም አተረፈ። ኮሌጁ ሥልጠናውን አስፍቶ ሎረንስቪል በምትባል ከተማም ሊከፍት አሰበ፤ ለዚያ ደግሞ የካውንቲው፣ ማለትም የአውራጃው፣ ሹማምንትና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ተሰብስበው ይሁን ማለት ነበረባቸው። ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጓደኛዬ ንግግር እንድታደርግ ተመረጠች።

«ልምጣ?» አልኳት።

«ሩቅ ነው እኮ! ስብሰባ ነው፣ ይሰለችሻል። ደግሞ ሥራሽስ?»

ላስደስታት ፈለግሁ። ፈቃድ ጠይቄ፣ አበባ ገዝቼ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አባል የሆኑ አንድ ሽማግሌ ታክሲ ነጂ እንዲወስዱኝ ለመንኳቸው። እኚህ ሰው ቅዳሴ እየወሰዱ እየመለሱኝ ወሬዬን ሁሉ ያውቃሉ። «እኔም ልስማት እንጂ፣ የወገን ልጅ አይደለች?» አሉና መኪናቸውን ፓርክ አድርገው አብረውኝ ገቡ። ከኋላ ተቀመጥን።

ጓደኛዬ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ወታደሮች ትምህርት ቤቴን ያዙት» ብላ ጀመረች። ትምህርት ቤታችንን ማለቷ ነው ብዬ ፈገግ አልኩ። «ልጆቼን ይዤ ገበያ ገባሁ» አለች። ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ቀረ። የባትሪውን ድንጋይ ተናገረች። የቆርቆሮውን በር ተናገረች። የሽንኩርቱን ጆንያ ተናገረች፤ እኔ ስሳሳትባቸው የምታርማቸውን ቃላት አንድ በአንድ፣ በታረመው እንግሊዝኛዬ። ከዚያ ልጅቷ መጣች። ለልጅቷ ስም አውጥታላታለች፤ የሷ ያልሆነ ስም። «መዳፏ ቀዝቃዛ ነበር» አለችና እጇን አንስታ የገዛ ጉሮሮዋ ላይ አደረገች።

የእኔም እጅ ሳላዝዘው ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ አገኘሁት።

ያን ጊዜ ነው ያየችኝ። ዓይናችን ተጋጠመ። ቃሏ ተቋረጠ፤ ሰዎቹ ስሜቷ ያነቃት መሰላቸው፤ ፊት ለፊት ያለች ሴት መሐረብ አወጣች። አሁን ትተወዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ውኃ ጠጣች። ብርጭቆውን አስቀመጠችና ስለ አባትየው ቀጠለች። ሽርጡን እንኳ አልረሳችም።

ሁሉም ቆሞ አጨበጨበ። የፕሮግራሙ ኃላፊ፣ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ናቸው፣ አቅፈዋት ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ አበባውን ወንበሩ ላይ ትቼ ወጣሁ።

ሽማግሌው መኪናው ጋ ደረሱብኝ። «ልጄ፣ ይሄ ያንቺ አይደለም እንዴ? ያ ባለ ልኳንዳ... አንቺ አይደለሽም የነገርሽኝ?»

«እኔ ነኝ።»

ወደ አዳራሹ በር ዞረው አዩ፤ መልሰው እኔን አዩ። «ትጠብቂያታለሽ ወይስ ላስነሳው?»

«ያስነሱት» አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ መጣች። ደረቷ ላይ ያደረጉላት ጽጌረዳ ገና አልተነሣም።

«ለምን መጣሽ?» አለችኝ። ከአፏ መጀመሪያ የወጣው ይህ ነው።

«አበባ ልሰጥሽ።»

ቁጭ አለች። «ስሚኝ። ምን ልበላቸው? ፋይል ስደረድር፣ ማኅተም ስመታ ነበር ልበላቸው? አስተምሬያለሁ እኮ፤ አንቺው ታውቂያለሽ፤ አስተማሪ ነበርኩ። ግን እንደ ሰው ሁሉ ነው ያስተማርኩት። እነሱ እንደዚያ ያለ ነገር ካልሰሙ አያዩሽም።»

«እኔ ደግሞ የምታስጠኚኝ መስሎኝ...»

«አስጠንቼሻለሁም! እንግሊዝኛሽ በማን ተሻሻለ?»

«አይተሽኛል» አልኳት። «ዛሬ አይተሽኝ ቀጠልሽ።»

«መሃል ላይ ምን ላድርግ? ልቁም?»

«አዎ። ትቆሚያለሽ።»

ጽጌረዳውን ከደረቷ ነቀለች። ቆይታ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ልጅ እንደምታባብል፣ «አንቺ ሌላ ስንት አለሽ» አለችኝ። «ሌላውን ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ አንዱን ነው የወሰድኩት። አሁን ብታወጪው እኔም እባረራለሁ፣ ሎረንስቪልም ይቀራል፣ አንቺም የምትገቢበት አይኖርም። ማን ተጠቀመ?»

አንዱን ነው የወሰድኩት። አንድ ቀሚስ፣ አንድ ጥንድ ጫማ የወሰደች ያህል። ተነሥቼ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍኳቸውን ሥዕሎች አንድ በአንድ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ሰጠኋት። እስከ ወሩ መጨረሻ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ባዕድ ኖረን፣ ሎረንስቪል ሲፈቀድ እሷ እዚያው አቅራቢያ ቤት ተከራይታ ወጣች። ቤቷ ስገባ የሰጠችኝን ካፖርት ሳትወስደው ሄደች። ክረምት ሲመጣ ሌላ ልብስ ስላልነበረኝ ለበስኩት።

እኔም ማንንም ሳልጠብቅ ኮሌጁ ሄጄ አፕላይ አደረግሁ። ሦስቱ መምህራን ፊት ቀረብኩ። መሃል የተቀመጡት እኚያው የፕሮግራሙ ኃላፊ ናቸው። ሌላ ነገር ልናገር አስቤ ነበር፤ እውነቴን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሌላ ታሪክ ስፈልግ አድሬያለሁ። ግን «የት አስተማርሽ?» ሲሉኝ፣ ያስተማርኩት ገበያ ውስጥ ነው፤ ምን ልበል? ነገርኳቸው። ዳሱ ጋ ስደርስ ሁለቱ ተያዩ። ልጅቷ ጋ ስደርስ ኃላፊዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ይህን ታሪክ አውቀዋለሁ» አሉ።

«የእኔ ነው» አልኳቸው።

ሁለቱን አስወጥተው በሩን ዘጉ። ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳቸው። የልጅቷን እውነተኛ ስም ነገርኳቸው። ሽማግሌውን መጠየቅ እንደሚችሉ ነገርኳቸው። ኃላፊዋ በልጅነታቸው ጥቁሮች ብቻ በሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ ነጮቹ በጣሏቸው የተቀደዱ መጻሕፍት የተማሩ ሴት መሆናቸውን ጓደኛዬ ነግራኛለች። እኚህማ ይገባቸዋል ብዬ ነበር።

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ያመኑኝ ይመስለኛል። ቢጠራጠሩኝ ኖሮ ይቆጡ ነበር እንጂ እንደዚያ አይደክማቸውም ነበር።

«ያ ንግግር ባይደረግ ሎረንስቪል አይፈቀድም ነበር» አሉኝ። «አሁን እዚያ የሚማሩ ሰዎች አሉ። የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ልጅ ያላቸው እናቶች። አስተማሪ የመሆን ሌላ ዕድል የላቸውም። ይህ ነገር ከዚህ ክፍል ባይወጣ ይሻላል።»

«የእኔስ ነገር?»

«ግቢ። ከነገ ጀምሮ ተማሪያችን ነሽ። ግን እንደ ማንኛውም ጀማሪ ከሥር ነው የምትነሺው። ለልምድሽ ክሬዲት ልሰጥሽ አልችልም። ለሁለት ሰው በአንድ ታሪክ ብሰጥ ይጠይቁኛል።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጨበጥኳቸው። ያን ቀን እጄን ባልሰጣቸው ብዬ ስንት ዓመት ተቆጨሁ፤ ግን አስተማሪ መሆን ፈልጌ ነበር፤ በሩ ደግሞ በእሳቸው እጅ ነበር።

ከሥር ጀመርኩ። ጠዋት አልጋ አነጥፋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እማራለሁ። በመጀመሪያው ዓመት፣ ስለ ንባብ አጀማመር በሚያስተምሩን ክፍል፣ አንድ ወጣት መምህር ነበር፤ ትጉህ፣ መልካም ልጅ። አንድ ቀን ጠመኔውን አስቀምጦ፣ «ከዚህ ኮሌጅ ስለወጣች አንዲት አፍሪካዊት አስተማሪ ልንገራችሁ» አለ። ገበያው መጣ። ጆንያው መጣ። ሁላችንም እጃችንን ጉሮሯችን ላይ አድርገን ድምፅ እንድናሰማ አዘዘን። ከጎኔ ያለችው የባንክ ቤት ሠራተኛ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «ምን ዓይነት ሴት ብትሆን ነው!» አለችኝ። እኔም እጄን ጉሮሮዬ ላይ እንዳደረግሁ ከሌሎቹ ጋር «በ» አልኩ። ከክላስ ስወጣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሜ ታጠብኩ። የተሰረቀ ልብሴን በአደባባይ ሌላ ሴት ለብሳው እንዳየሁ ነው የሆንኩት፤ «አውልቂ» እንዳልል ሁሉም የእሷ መሆኑን ያውቃል።

ሁለቱን ዓመት ጨረስኩ። ክሬዲቴን ይዤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ እሱንም ቀስ ብዬ ጨረስኩ። ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ላይሰንሴን አግኝቼ የራሴን ክፍል ያዝኩ፤ አንደኛ ክፍል ነው። ጥሩ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ስለ ገበያው ዳስ ግን ለማንም የሥራ ባልደረባዬ ተናግሬ አላውቅም። አንድ ጊዜ ጀምሬ ነበር፤ ሴትዮዋ «አዎ፣ ይህን የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ» ስትለኝ ወሬ ቀየርኩ።

ከጓደኛዬ ጋር እንደገና የተገናኘነው ለቅሶ ቤት ነው። የሽማግሌው የታክሲ ነጂው ባለቤት ዐርፈው ነበር። ጥቁር ለብሳ መጣች፤ ወፍራለች፤ ሎረንስቪል ላይ ሥልጠናውን የምትመራው እሷ ሆናለች። ሁለት ወጣት ሴቶች ተከትለዋታል፤ ሁለቱም የእኛው ልጆች ናቸው፤ አስተማሪ ለመሆን እዚያ ይማራሉ። ሽማግሌው ስታቅፋቸው እጃቸውን ከጭናቸው አላነሡም።

ኋላ በረንዳው ላይ አገኘችኝ። «አስተማሪ ሆንሽ አሉ። ደስ አለኝ» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እየውልሽ፣» አለች ወደ ሁለቱ ልጆች በአገጯ እያመለከተች፣ «እነሱም ሊሆኑ ነው። ያ ስብሰባ ባይሆን እነሱ እዚህ አይደርሱም ነበር።»

እውነቷን ነው። ብትዋሽ ኖሮ እሰድባት ነበር።

ከልጆቹ አንዷ መጣችና በእንግሊዝኛና በአማርኛ እያቀላቀለች፣ «እርስዎም እዚያ ትምህርት ቤት ነበሩ አይደል?» አለችኝ። «ቲቸር ነግራናለች። ያቺን ዴፍ የሆነች፣ ማለቴ መስማት የማትችል ልጅ ያውቋታል? ሪሊ፣ እኔ እሷን ሰምቼ ነው የገባሁት።»

ጓደኛዬ አየችኝ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ እንዳየችኝ ሳይሆን፣ እየለመነችኝ ነው ያየችኝ።

«አውቃታለሁ» አልኩ ለልጅቷ። «ጎበዝ ልጅ ነበረች።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ደስ አላት። ጓደኛዬ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ ማንም እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አመሰግናለሁ» አለችኝ።

ክንዴን አላቅቄ ወደ ውስጥ ገባሁ። ከአልቃሾቹ መካከል አንድ ወንበር አገኘሁና ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ፤ አልከለከልኩትም። አጠገቤ ያሉት እናት ጀርባዬን እያሻሹ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ በጣም ትወጃቸው ነበር መሰለኝ» አሉኝ።